«ደሙን ሳታዩት?» ክሩፕ የያዘው ሕፃንና የደም ምርመራው ውጤት

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል። ቤታችሁ ውስጥ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት የሆነ ሕፃን ካለ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ አንድ ሌሊት ይጠቅማችኋል።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ደብረ ማርቆስ በታኅሣሥ ሌሊቱ እንዴት እንደሚበርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አንድ አባት ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ እየሮጠ ገባ፤ እናትየው ከኋላው፣ አያትየው ከእሷ ኋላ። ከአንድ የወረዳ ከተማ ነው የመጡት። ልጁ 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። ገና በሩ ላይ ሳሉ ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ሻካራ የሆነ ድምፅ፣ ሲያስል ደግሞ ልክ እንደ ውሻ ጩኸት።

አባትየው ከልጁ በፊት ያስቀደመልኝ ወረቀት ነበር።

«ዶክተር፣ ቀን አስመርምረነዋል። ደሙ ንጹሕ ነው አሉን። እኛም እሱን ይዘን ተረጋግተን ተኛን።»

ወረቀቱን አየሁት። ነጭ የደም ሴል 13,400፤ ኒውትሮፊል 34 በመቶ፤ ሊምፎሳይት 58 በመቶ፤ ሲአርፒ 4። እውነትም የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም። ቀና ብዬ ልጁን ሳየው ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሳያለቅስም ያ ሻካራ ድምፅ አይቋረጥም።

ወረቀቱ «ደህና ነው» ይላል፣ ልጁ «አልተመቸኝም» ይላል። እንዲህ ሲሆን የምናምነው ልጁን ነው። ወዲያው መድኃኒት ሳዘጋጅ አባትየው ደንግጦ «ደሙን እንደገና ሳታዩት ነው መድኃኒት የምትሰጡት?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙ ወላጆች ይጠይቁኛል፤ ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብለን እንየው።

ክሩፕ ምንድን ነው?

ክሩፕ ማንቁርትና ከሱ ዝቅ ብሎ ያለው የአየር ቧንቧ በቫይረስ ተቆጥቶ ሲያብጥ የሚመጣ ሕመም ነው። በብዛት የሚያመጣው ፓራኢንፍሉዌንዛ የተባለው ቫይረስ ሲሆን ከዓይነቶቹም ቁጥር 1 ቀዳሚው ነው። ኢንፍሉዌንዛ፣ አርኤስቪ፣ አዴኖቫይረስ፣ ኮቪድም ሳይቀር ሊያመጡት ይችላሉ። ኩፍኝ የያዘው ልጅም እንዲህ ሊያደርገው ይችላል።

ሲጀምር ተራ ጉንፋን ነው። ትንሽ ንፍጥ፣ ትንሽ ትኩሳት። ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ የልጁ ድምፅ ይጎረንናል፣ ሳሉ ይለወጣል። ቀን ሲጫወት ውሎ ሌሊት ድንገት ይብስበታል። አብዛኞቹ ልጆች በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ይሻላቸዋል። ጥቂቶቹ ግን አየር ያጥራቸዋል።

ለምን ሕፃናት ላይ ይበረታል? ሂሳቡ እንዲህ ነው። የአንድ ሕፃን የአየር መተላለፊያ ስፋቱ 4 ሚሊሜትር ነው እንበል። ዙሪያውን 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢያብጥ የሚቀረው ክፍተት 2 ሚሊሜትር ነው። አየር የሚያልፍበት ቦታ በ75 በመቶ ጠበበ ማለት ነው። አየሩን ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት ደግሞ 16 እጥፍ ይሆናል። ያው 1 ሚሊሜትር እብጠት 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አዋቂ ላይ ቢመጣ ጉልበቱ 3 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው የሚጨምረው። ለዚህ ነው አንዱ ቫይረስ የአባትየውን ድምፅ አጎርንኖ ሲያልፍ ልጁን የሚያስጨንቀው።

ይህን 1 ሚሊሜትር ያዙልኝ። የክሩፕ አደጋ ያለው እዚያ ነው። ደም ውስጥ አይደለም።

የደም ምርመራው ምን ይለካል?

ሰውነት በጀርም ሲጠቃ ይቆጣል። ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን የምንለው ይህንን መቆጣት ነው። መቆጣቱ ደም ውስጥ አሻራ ይተዋል። ላቦራቶሪ የሚፈልገው አሻራውን ነው።

1. ሲቢሲ፦ የደም ሴሎች ቆጠራ ነው። ከነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት በባክቴሪያ ጊዜ፣ ሊምፎሳይት የሚባሉት በቫይረስ ጊዜ ከፍ የማለት ዝንባሌ አላቸው። ዝንባሌ ነው ያልኩት፣ ሕግ አላልኩም።

2. ሲአርፒ፦ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ አገኙት። መቆጣት ከጀመረ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ መጨመር ይጀምራል፤ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በ2ኛው ቀን አካባቢ ነው። መንስኤው ሲወገድ በየ19 ሰዓቱ በግማሽ ይወርዳል።

3. ኢኤስአር፦ ቀይ የደም ሴሎች በቀጭን ቱቦ ውስጥ በ1 ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘቅጡ የሚለካበት የቆየ ምርመራ ነው። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ደም ማነስም ከፍ ያደርገዋል። እንደ ክሩፕ ላለ ድንገተኛ ሕመም ብዙም አይረዳም።

4. የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ንጽጽር፦ አንዱን ለሌላው ማካፈል ነው። የዚያ ልጅ 34 ሲካፈል ለ58፣ 0.6 ገደማ ይመጣል። ዋጋው ከሲቢሲው ውጪ ምንም ስለማይጨምር ተመራማሪዎች «ክሩፑ የሚጠናበትን ልጅ ቀድመን እንለይበት ይሆን?» ብለው ሞክረውታል። እስካሁን ሁሉም የተስማማበት መለያ ቁጥር የለም፤ ሕክምናም በሱ አይወሰንም።

ታዲያ ክሩፕ ላይ ምን ይታያል?

ብዙውን ጊዜ የሚገኘው «ደህና» ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ውጤት ነው። ሲአርፒው ዝቅ ያለ፣ ነጭ የደም ሴሉ መካከለኛ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቫይረሱ ያቆጣው ትንሽ ቦታን ነው። ያቺ ትንሽ ቦታ ግን የልጁ መተንፈሻ በር ናት። ጉበት ስለዚህች በር ብዙ ወሬ አይደርሰውም፤ ልጁ ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይታገላታል።

ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱባቸውን 4 ወጥመዶች ልንገራችሁ።

ወጥመድ 1፦ «ሊምፎሳይቱ ከፍ ብሏል!» ብዙ ማሽኖች ከውጤቱ ጎን የሚያትሙት መለኪያ የአዋቂ ነው። ጤነኛ ሕፃን ግን እስከ 4 እና 5 ዓመቱ ድረስ ሊምፎሳይቱ ከኒውትሮፊሉ መብለጡ የተፈጥሮው ነው። ነጭ የደም ሴሉም ከአዋቂ ከፍ ይላል፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ ከ6,000 እስከ 17,000 ገደማ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከፍ ማለትን የምታመለክት ፊደል ወይም ቀስት አይታችሁ አትደንግጡ፤ ለልጅ ዕድሜ የሚነበበው በልጅ መለኪያ ነው።

ወጥመድ 2፦ ልቅሶ። ሕፃን ሲጮኽና ሲታገል የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የነበሩ ነጭ የደም ሴሎች ወደሚፈሰው ደም ይገባሉ። ቁጥሩ ይወጣል። አዲስ ጀርም ስለገባ ሳይሆን ልጁ ስላለቀሰ ነው።

ወጥመድ 3፦ መድኃኒቱ ራሱ። ለክሩፕ የምንሰጠው ዴክሳሜታዞን ኒውትሮፊልን ከፍ፣ ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋል። በቅርቡ አንዲት እናት ውጤት ፎቶ አንስታ በውስጥ መስመር ላከችልኝ። ልጇ ማታ ዴክሳሜታዞን ወስዶ ተሽሎታል። በማግስቱ «ለማረጋገጥ» ብላ ሌላ ቦታ ሲቢሲ አሠራች፤ ኒውትሮፊሉ ከፍ ብሎ ተገኘና «ባክቴሪያ ገብቶበታል» ተብሎ የ5 ቀን መርፌ ታዘዘለት። ልጁ እየሮጠ ነው፣ ይበላል፣ ትኩሳት የለውም። ወረቀቱ ያሳየው የመድኃኒቱን ሥራ ነበር።

ወጥመድ 4፦ «ሲአርፒው ደህና ስለሆነ ልጁም ደህና ነው።» ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ከላይ እንዳልኩት ሲአርፒ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቢቆይም የአየር ቧንቧን ጥበት አይለካም። አንድ ምሳሌ ልጨምር፦ ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒ ትን ብሎት አየር ቧንቧው ውስጥ የቀረበት ልጅ መጀመሪያ ላይ ሲአርፒው ፍጹም ደህና ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። በዚያ ሌሊት የመጣው ቤተሰብም የተኛው ይህን ወጥመድ ተደግፎ ነበር።

በተቃራኒው ሲአርፒ ከፍ አለ ማለት ሁልጊዜ ባክቴሪያ ነው ማለት አይደለም። አዴኖቫይረስና ኢንፍሉዌንዛ ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ።

የራሴ ስሕተት

ሌላውን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስልብኝ። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንዲት ክሩፕ የያዛት ሕፃን መጣችልኝ። እናቷ ጭን ላይ ቁጭ ብላ ስትተነፍስ ድምፅ አላት፣ ግን ተረጋግታለች። እኔ «ሥራዬን በሥርዓት ልሥራ» ብዬ መጀመሪያ ደም ይወሰድ አልኩ። አስተኝተን፣ እጇን ይዘን፣ ደም ሥር ፍለጋ ወጋን። ጮኸች። ስትጮኽ በጠበበው ቧንቧ ውስጥ አየሩ ይበልጥ ተናወጠ፣ ደረቷ ተሰረጎደ፣ ከንፈሯ መጥቆር ጀመረ። አንድ ልምድ ያላት ነርስ «ዶክተር፣ ተዋት! ለእናቷ ስጣት!» ብላ ባትጮኽብኝ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር እግዜር ያውቃል። እናቷ ጋ መልሰን ኦክስጅንና በኔቡላይዘር አድሬናሊን ሰጥተናት ተረፈች። የደሙ ውጤት ሲመጣ ሕክምናዋን የሚለውጥ አንድም ነገር አልነበረበትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሩፕ የያዘውን ልጅ ከእናቱ ጭን አላነሣም።

ደም የምናየው መቼ ነው?

የደም ምርመራ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ሕመሙ ክሩፕ አልመስል ሲለን እናዛለን፤ ያውም የልጁ አየር መተላለፊያ አስተማማኝ ከሆነ በኋላ። የሚያጠራጥሩን እነዚህ ናቸው፦

• ከፍተኛ ትኩሳት ኖሮት በጣም የተጎሳቆለ፣ ዴክሳሜታዞንና አድሬናሊን ተሰጥቶት የማይሻለው ልጅ። አየር ቧንቧው በባክቴሪያ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል።
• ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚያዝረከርክ፣ አንገቱን ወደፊት አስግጎ ካልተቀመጠ መተንፈስ የማይችል፣ እንደ ውሻ የሚጮኸው ሳል የሌለው ልጅ። የማንቁርቱ ክዳን አብጦ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ ቶንሲሉን ልይ ብላችሁ ማንኪያ አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋበት ይችላል።
• ጉሮሮው ላይ ግራጫ ሽፋን የጋረደበት፣ አንገቱ ያበጠ ልጅ። በተለይ ካልተከተበ ዲፍቴሪያ ወይም ዘጊ አነዳ የሚባለው ያሠጋናል።
• ፈጣን አተነፋፈስና የሳንባ ምች ምልክት ያለው ልጅ።

በእነዚህ ላይ ሲቢሲ፣ ሲአርፒና የደም ካልቸር ይረዱናል፤ አንቲባዮቲክ መቼ እንደሚቆምም ለመወሰን ሲአርፒ ሲወርድ ማየት ያግዛል። ከእነዚህ ሁለቱን በክትባት መከላከል እንደሚቻል አትርሱ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በአገራችን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ባለ አምስቱ ክትባት ዘጊ አነዳንም፣ የማንቁርት ክዳንን የሚያሳብጠውን ሂብ የተባለውን ባክቴሪያም ይከላከላል። የኩፍኝ ክትባትም እንዲሁ አይለፋችሁ።

ክሩፕን የምንለካው በዓይንና በጆሮ ነው

• ቀላል፦ የውሻ ጩኸት የመሰለ ሳል አለው፤ ሻካራው ድምፅ የሚሰማው ሲያለቅስ ወይም ሲሮጥ ብቻ ነው። ይጫወታል፣ ይጠጣል።
• መካከለኛ፦ ተረጋግቶ ተቀምጦም ድምፁ ይሰማል፤ ደረቱ መሰርጎድ ጀምሯል።
• ከባድ፦ ድምፁ ይሰማል፣ ደረቱ በጣም ይሰረጉዳል፣ ይቅበጠበጣል ወይም ይዝላል። ድምፁ ድንገት ቀንሶ ልጁ ዝም ካለ ተሻለው ብላችሁ አትደሰቱ፤ ደክሞት ሊሆን ይችላል።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያስ? ይጠቅማል፤ ግን ክሩፕ ላይ ኦክስጅን የሚወርደው ዘግይቶ ነው። «95 ነው፣ ደህና ነው» ብሎ መዘናጋት የሲአርፒውን ስሕተት መድገም ነው። ሲወርድ ደግሞ «ደጋ ስለሆንን ነው» የሚል ሰበብ እሰማለሁ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ስለሚያልፍ አየሩ ሳሳ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች አማካይ ኦክስጅናቸው 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የታመመ ልጅ 88 ላይ ወርዶ ሲገኝ በደጋ አታሳብቡ።

ሕክምናው

ዋናው መድኃኒት ዴክሳሜታዞን ነው። በልጁ ክብደት ተሰልቶ (በኪሎ ከ0.15 እስከ 0.6 ሚሊግራም) አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። በአፍ መስጠት ይቻላል፤ መርፌ ግድ አይደለም። በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ እብጠቱን መቀነስ ይጀምራል። እባካችሁ በራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ። መካከለኛና ከባድ ከሆነ አድሬናሊን በኔቡላይዘር እንጨምራለን። እሱ በደቂቃዎች ይሠራል፤ ግን በ2 ሰዓት ገደማ ኃይሉ ስለሚያልቅ ልጁን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሳናይ አንሸኘውም። «ተሽሎታል፣ እንሂድ» አትበሉን።

አንቲባዮቲክ ለክሩፕ አይሠራም፤ ቫይረስን አይገድልም። የሳል ሽሮፕም አያስፈልግም።

ስለ እንጥል። በዚያ ሌሊት አያትየው፣ ቆብ የደፉ እናት ናቸው፣ ቀስ ብለው «የኔ ልጅ፣ እንጥሉ ወርዶበት እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ሲነጋ ልናስቆርጠው ነበር» አሉኝ። እኔም «እማሆይ፣ እንጥል አፍ ውስጥ ከላይ የተንጠለጠለች ናት፤ የልጁ እብጠት ያለው ከሷ በታች ማንቁርቱ ላይ ነው። እሷን ቢቆርጧት ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ በምላጩ መንጋጋ ቆልፍና ሌላም በሽታ ይገባል፤ ሲጮኽ ደግሞ ትንፋሹ ጭራሽ ይዘጋል» አልኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንዲያ ነው እንዴ» አሉ። አገራችን ውስጥ ዛሬም እንጥል የሚያስቆርጥ አለ፤ ከተማ ያላችሁ፣ ገጠር ላሉ ወላጆቻችሁ ደውላችሁ ንገሩልኝ።

ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

1. ልጁን አቅፋችሁ አረጋጉት። ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ በግድ አታስተኙት።
2. ፊቱን በጋቢ አትሸፍኑ። ሰውነቱን አልብሳችሁ ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ አየር እንዲያገኝ መስኮት ክፈቱ ወይም በረንዳ ውጡ። ብርዱን አትፍሩት፦ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ የጄኔቭ ጥናት፣ ክሩፕ የያዛቸው ልጆች ከዴክሳሜታዞኑ ጋር 30 ደቂቃ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ የውጭ አየር ሲያገኙ፣ ቤት ውስጥ ከቆዩት ይልቅ ብዙዎቹ ቶሎ ተሽሏቸዋል። የጎጃም ሌሊት ይህን አየር በነፃ ይሰጣል። በመንገድ ላይ ተሻለው ብላችሁ ግን አትመለሱ፤ ይመለስበታል።
3. የፈላ ውኃና ባሕር ዛፍ አታጥኑት። ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ የእንፋሎት ቃጠሎ ግን አይተናል። ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥም አታስቀምጡት።
4. ጡት፣ ውኃ፣ ወተት ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ማር አይሰጥም።
5. ትኩሳት ካለው ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይበቃል።

ቶሎ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ተረጋግቶ ሳለ ሻካራው የትንፋሽ ድምፅ ከተሰማ
• ደረቱ ወይም የአንገቱ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ
• ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ከዛለ፣ መጠጣት ካቃተው
• ምራቁ ከተዝረከረከ
• ዕድሜው ከ6 ወር በታች ከሆነ
• ትን ብሎት ከነበረ

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባሉ ቀበሌዎች ያላችሁ፣ መንገዱ ሩቅ፣ ሌሊት መኪና ማግኘትም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ድምፁ ሲጀምር፣ ገና ቀን ሳለ ተነሡ የምለው። መጀመሪያ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ልጁስ?

ዴክሳሜታዞኑን በአፉ ዋጠ፤ አድሬናሊኑን እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ተነፈሰ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረቱ መሰርጎድ ተወ። ሊነጋ ሲል ጡት ጠብቶ ተኛ። አንድም ጊዜ አልወጋነውም። አባትየው ጠዋት ሲሰናበተኝ «ዶክተር፣ እና ወረቀቱ ውሸት ነበር?» አለኝ። «አይደለም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ልጁ አየር አጥሮታል ወይ ብሎ የጠየቀው ግን ማንም የለም» አልኩት።

ለማጠቃለል፦ ክሩፕ በደም አይታወቅም፣ በደምም አይለካም። ዝቅ ያለ ሲአርፒ ልጃችሁን ከጥበት አያድነውም፤ ከፍ ያለ ኒውትሮፊል ብቻውን አንቲባዮቲክ አያስወስነውም። ሐኪሙ ደም ካላዘዘ ቸል ብሎ አይደለም፤ ልጁን እያየ፣ ትንፋሹን እየሰማ ነው።

ይህን ጽሑፍ ሕፃን ላለው ወዳጅ ሁሉ ሼር አድርጉት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ልጃችሁ አሁን እየተጨነቀ ከሆነ ግን መልሴን አትጠብቁ፣ ተነሥታችሁ ሂዱ።

ጤና ለልጆቻችን ይሁን!